የምትታቀፍና የማትታቀፍ ሸረሪት

ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው። ስትዘረጋው ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋታል፤ በዋና ዋናዎቹ የእግሯ መገጣጠሚያዎች ላይ የመዘርጊያ ጡንቻ አልተፈጠረላትም። የፊተኛውን የሰውነቷን ክፍል ጨመቅ አድርጋ በውስጧ ያለውን ፈሳሽ ወደ እግሮቿ ትገፋለች፤ እግሩም በግፊቱ ተወጥሮ ይቀናል። የሞተች ሸረሪት ስምንቱንም እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰብስባ የምትገኘው ለዚህ ነው። ነፍሷ ሲወጣ ግፊቱ ይጠፋል፤ የሚቀሩት የማጠፊያ ጡንቻዎች ብቻ ይሆናሉ።

የጨርቅ አሻንጉሊት ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተሰፍቶ የተገለበጠ ባዶ የጨርቅ እግር ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል፤ ጥጥ ሲጠቀጠቅበት ቀጥ ይላል። ሕያዋ ሸረሪትም ሆነች የጨርቋ አጥንት የላቸውም። ሁለቱንም የሚያቆማቸው ቆዳቸውና ያንን ቆዳ ከውስጥ የሚወጥረው ነገር ነው።

የማስተዋውቃችሁ እነዚህን ሁለቱን ነው፦ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከሰው ጋር የምትኖረዋን ታራንቱላና ለሚወዱት ልጅ ስጦታ ተብላ በመርፌ የምትሰፋዋን አምሳያዋን። ታራንቱላ መዳሰስን የማትወድ፣ መነካት የሚጎዳት ፍጥረት ናት። የሰው እጅ ደግሞ የወደደውን ሳይነካ አይቀመጥም፤ የሕፃን እጅማ ጭራሽ። ስለዚህ ሕያዋ ባለችበት ቤት የጨርቋም ብትኖር ደግ ነው እላለሁ። ዓይን ሕያዋን ይመልከት፣ እጅ የጨርቋን ይያዝ።

ታራንቱላ የአንዲት ሸረሪት ስም አይደለም፤ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት የአንድ ትልቅ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። አብዛኞቹ በሞቃት አገሮች መሬት ውስጥ ጉድጓድ ይዘው ይኖራሉ፤ ዛፍ ላይ የሚኖሩም አሉ። በክብደት ከሁሉም የምትበልጠው የደቡብ አሜሪካዋ ጎልያድ እግሮቿ ሲዘረጉ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ትጠጋለች። በሰው ቤት በብዛት የምትገኘውና ለጀማሪም የምትመከረው ግን የሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ ተወላጅ የሆነችው ባለ ቀይ ጉልበቷ ናት። ሰውነቷ ጥቁር ነው፤ የእግሮቿ መገጣጠሚያዎች ብርቱካናማ ቀይ ቀለበት ያጠለቁ ይመስላሉ፤ እግሯ ሲዘረጋ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሴቷ በጥሩ አያያዝ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ወደ 30 የሚጠጉም አሉ። ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ብዙውን ጊዜ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታል።

የሸረሪት ዕድሜ ከተነሣ የአውስትራሊያዋን “ቁጥር 16” ሳልጠቅስ አላልፍም። ታራንቱላ አይደለችም፤ ጉድጓዷን በክዳን የምትዘጋ የሩቅ ዘመዷ ናት። ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉት የሸረሪት ተመራማሪ በምዕራብ አውስትራሊያ ገጠር ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሸረሪቶቹን ጉድጓዶች በቁጥር እየለዩ ይከታተሉ ነበር። ቁጥር 16 ያችን አንድ ጉድጓዷን ሳትለቅ 43 ዓመት ኖረች። በ2016 የጉድጓዷ ክዳን ተበስቶ ተገኘ፤ ለሞት ያበቃት እርጅና ሳይሆን ጥገኛ ተርብ ነበር። አንዲት ሸረሪት የአንድን ሳይንቲስት የሥራ ዘመን በሙሉ ልትሸፍን እንደምትችል ሳስብ፣ ሰዎች “ትንኝ” እና “ነፍሳት” ብለው በአንድ እጅ የሚጠርጉት ዓለም ምን ያህል እንዳልታየ ይሰማኛል።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ስንል በዓይናችን ላይ የሚመጣው በቤት ጥግ የተዘረጋው ወጥመድ ነው። ታራንቱላ እንዲህ ያለ ወጥመድ አትዘረጋም። ድሯ ጉድጓዷን ማልበሻ፣ እንቁላሏን መጠቅለያ፣ ቆዳ ስትቀይር የምትተኛበት ምንጣፍ ነው። አደኗ ጉድጓዷ አፍ ላይ አድፍጦ መጠበቅ ነው። ስምንት ዓይኖች አሏት፤ ነገር ግን ከብርሃንና ከጥላ ያለፈ ብዙ አያሳይዋትም። ዓለም የሚደርሳት በፀጉሯና በእግሮቿ በኩል፣ በንዝረት መልክ ነው። ፌንጣ አፈሩ ላይ ሲረማመድ ይሰማታል። በር ሲወረወር፣ ሰው ወለሉን ሲረግጥ፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ሲያስተጋባም ይሰማታል። ሣጥኗን ከበር አጠገብ ወይም ድምፅ ማጉያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ዕረፍት ይነሣታል።

ስለ ሣጥኑ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነውና። ጀማሪ የሚመኘው ሰፊና ከፍ ያለ፣ ለማየት የሚያምር መስታወት ነው። መሬት ለመሬት ለምትኖር ታራንቱላ ግን ከፍታ ጠላቷ ነው። ሆዷ በስስ ቆዳ የተሸፈነ ስለሆነ መስታወቱን ወጥታ ከወደቀች ሊፈነዳ፣ ፈሳሿም ሊፈስስ ይችላል። በሸረሪት አሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደው ልክ ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከተዘረጋ እግሯ አንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ በግማሽ አፈር ይሞላል፤ ለዚህም የኮኮናት ቃጫ ወይም መድኃኒት ያልነካው ንጹሕ አፈር ይሆናል። መደበቂያ ይሰጣታል፤ የቡሽ ቅርፊት ከሌለ የሸክላ ገል ይበቃል። ሙቀቱ ለሰው የሚመች ከሆነ ለእሷም ይመቻታል፤ ከላይ አምፖል ማንጠልጠል ያደርቃታል እንጂ አይጠቅማትም። ክዳኑ መቆለፍ አለበት፤ ከምትመስለው በላይ ጉልበት አላት። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ፦ እሷ ባለችበት ቤት ፍሊት አይነፋም። በረሮውን የሚገድለው እሷንም ይገድላል።

ምግቧ ሕይወት ያለው ነፍሳት ነው። ለዚሁ ተብሎ የተራባ ፌንጣ ወይም በረሮ ይቀርብላታል፤ ከደጅ የተያዘ ግን መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰጣትም። ያደገችዋ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ይበቃታል። ክራንቻዎቿን ከላይ ወደ ታች ሰክታ መርዟን ታስገባለች፤ የምግብ መፍጫ ፈሳሿን እያፈሰሰች ሥጋውን አሟሙታ ትመጠዋለች። ሲያልቅ ትንሽ የደረቀ ኳስ ትተፋለች፤ ይህ እንዳይሻግት ይወገዳል። አንዳንዶቹ፣ በተለይ የቺሊዋ ባለ ጽጌረዳ ቀለም፣ ሆዳቸው ሙሉ ከሆነ ለወራት ምግብ አይነኩም። ባለቤቱ ይጨነቃል፤ እሷ ግን ደኅና ናት። ውኃ ግን የተለየ ነገር ነው። እግሯን የሚዘረጋላት ፈሳሽ እንደሆነ አስታውሱ፤ ውኃ ያነሣት ሸረሪት እግሮቿ ወደ ውስጥ መታጠፍ ይጀምራሉ። ሳትበላ ወር የምትቆየዋ ሸረሪት የውኃ ሳሕኗ አንድ ቀንም ሊጎድል አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ታራንቱላን የያዘ ሰው የሚጠብቀው ቀን የቆዳ መቀየሪያዋ ቀን ነው። ጠንካራው ቆዳዋ ከእሷ ጋር አያድግም፤ ስለዚህ እያወለቀች ማደግ አለባት። ትንሿ በዓመት ብዙ ጊዜ ታወልቃለች፤ ያደገችዋ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ። ከመቀየሯ በፊት ምግብ ትተዋለች፤ ሆዷ ላይ ፀጉር የሳሳበት ቦታ ካለ አዲሱ ፀጉር ከሥር እየታየ ይጠቁራል። ከዚያ የድር ምንጣፏን ታነጥፍና በጀርባዋ ትተኛለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሸረሪቶች በባለቤቶቻቸው ደግነት ሞተዋል። ሰውየው ተንጋልላ ሲያያት የሞተች መስሎት ይገለብጣታል፣ ይነካካታል። ልዩነቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ በጀርባዋ የተኛች ቆዳ እየቀየረች ነው፤ በሆዷ ቆማ እግሮቿን ከሥሯ የሰበሰበች ናት ለሞት የቀረበችው። ስትተኛ እጅን መሰብሰብ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያልተበላ ፌንጣ ካለ ብቻ በቀስታ ይወጣል፤ አቅም በሌላት ሰዓት ፌንጣው ራሱ ሊበላት ይችላል።

የፊተኛው ክፍሏ ሽፋን ዙሪያውን ይሰነጠቅና እንደ ክዳን ይነሣል። በዚያ ክፍተት ስምንቱን እግሮቿን ከአሮጌው እግር ውስጥ ቀስ እያለች ትመዛለች። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። የሚወልቀው የላዩ ቆዳ ብቻ አይደለም፤ የክራንቻዎቿ ሽፋን፣ የአፏና የጉሮሮዋ ውስጠኛ ልባስ፣ የሳንባዋ ገበር ሳይቀር አብሮ ይወጣል። እግር አጥታ ከነበረ አዲስ እግር ይዛ ትወጣለች፤ መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ በሚቀጥሉት ለውጦች ይሞላል። አዲሶቹ ክራንቻዎች ነጭና ለስላሳ ናቸው። ቀስ በቀስ ይቀላሉ፣ ከዚያ ይጠቁራሉ፤ እስኪጠቁሩ ድረስ፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ምግብ አይቀርብላትም። በሣጥኑ ጥግ የተረፈው ልብስ ከነፀጉሩና ከነቀለሙ ሙሉ ሸረሪት ነው፤ ውስጡ ብቻ ባዶ ነው። እርጥብ ሳለ ተዘርግቶ ከታየ ጾታዋን ይናገራል፦ በሴቷ ቆዳ ውስጥ የወንዱን ዘር የምታከማችበት የትንሽ ከረጢት ልባስ ይገኛል። ትንሽ ሳለች በዓይን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሃያ ዓመት የምትኖር ሴት ይሁን ጥቂት ዓመት የሚቆይ ወንድ መያዙን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

እንግዲህ ለምን አትነካም? አንደኛው ምክንያት የሰው ነው። የአሜሪካ ታራንቱላዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጥቃቅን ፀጉር አላቸው፤ ሲደነግጡ በኋላ እግራቸው እየፋቁ ወደ አየር ይበትኑታል። ቆዳ ላይ ማሳከክ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ከባድ ነው። በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ አንድ ሰው የሸረሪቱን ሣጥን ሲያጸዳ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ተረጭቶበት ጥቃቅኖቹ በዓይኑ ብሌን ሽፋን ላይ ተሰክተው እንደነበር ሐኪሞቹ በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ስለዚህ ሣጥን ሲጸዳ መነጽር ይደረጋል፤ እጅ ሳይታጠብ ፊት አይነካም። ንክሻዋ ግን ፊልም እንዳስፈራራን አይደለም፤ የባለ ቀይ ጉልበቷ ንክሻ ከንብ ንድፊያ ጋር የሚነጻጸር ነው። የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ታራንቱላዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። በኬንያና በታንዛኒያ የምትገኘው ብርቱካናማዋ ባቡን ስፓይደር የሚበተን ፀጉር የላትም፤ በምትኩ ፈጣን ናት፣ የፊት እግሮቿን አንሥታ ክራንቻዋን ታሳያለች፣ ንክሻዋም ለቀናት የሚዘልቅ ሕመምና የጡንቻ መሸማቀቅ ያመጣል። እሷ የባለ ልምድ ሰው እንጂ የጀማሪ አይደለችም።

ሁለተኛው ምክንያት የእሷ ነው፤ ለእኔ የሚከብደውም ይኸኛው ነው። መውደቅ ሊገድላት እንደሚችል ብለናል፤ ከሰው እጅም ቢሆን ያው ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ ታራንቱላ ባለቤቷን አታውቅም። ድምፁን አትለይም፣ መዳፉን አትናፍቅም፤ እጅ ላይ ዝም ብላ ስትቀመጥ ፍቅር ይመስላል፣ ምናልባት ግን መሄጃ አጥታ ነው። ይህን መቀበል የሚከብደው ሰው ድመት ቢያሳድግ ይሻለዋል። መቀበል የቻለ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፦ ምንም የማይፈልግበትን ሕይወት በቅርብ እያዩ መጠበቅ። ማታ መብራት ሲደበዝዝ ከገሏ ሥር ወጥታ አፈሩን በአፏ እየተሸከመች ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ስታጋዝ፣ የውኃ ሳሕኗን በቃጫ ስትቀብረው፣ ሰው አየ አላየ ሥራዋን አትለውጥም።

እጅ ግን ድርሻውን ይጠይቃል። መርፌና ክር የሚገባው እዚህ ነው።

የዛሬው የጨርቅ እንስሳ ኢንዱስትሪ ከስጦታ እንደተነሣ ብዙ ሰው አያውቅም። በጀርመን ጊንገን ከተማ በ1847 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ማርጋሬቴ ሽታይፍ በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ ሽባ ሆኑ፣ ቀኝ እጇም ደከመ። ያም ሆኖ ስፌት ተማረች፤ ፌልት ከሚባለው ጨርቅ የተሠራ ልብስ መሸጫም ከፈተች። በአንድ የፋሽን መጽሔት ላይ ያየችውን ቅድ ይዛ በ1880 ከፌልት ትንንሽ ዝሆኖች ሰፋች፤ የታሰቡት ለመርፌ መሰኪያ ነበር። ለዘመድና ለወዳጅ ስትሰጣቸው ልጆቹ ወስደው ይጫወቱባቸው ጀመር። ከዚያ ድርጅት ተወለደ። የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ ሽቱትጋርት በነበረው የእንስሳት መጠበቂያ እየሄደ ድቦችን በእርሳስ ይነድፍ ነበር፤ ከዚያ ንድፍ በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የጨርቅ ድብ ወጣ። ይኸው ቤት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስፓይዲ የምትባል ፀጉራም ሸረሪት እንደሠራም ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ሪቻርድ መቀስ ከማንሣቱ በፊት እንስሳውን ተመለከተ፤ ጥሩ የጨርቅ እንስሳ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት የጨርቅ ሸረሪቶች አብዛኞቹ ያልተመለከተ ሰው ሥራ ናቸው። አንድ ድቡልቡል ሆድ፣ በዙሪያው ስምንት እግር፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን። የእውነተኛዋ ሰውነት ሁለት ክፍል ነው፤ ስምንቱም እግሮች የሚነሡት ከፊተኛው ክፍል ነው፣ ሆዷ ላይ አንድም እግር የለም። ከአፏ ግራና ቀኝ እግር የሚመስሉ ሁለት አጫጭር የአፍ እጆች ይወጣሉ፤ በሩቅ ለሚያይ እግሯ አሥር የሚመስለው ለዚህ ነው። በሆዷ ጫፍ ሁለት ጣት የሚመስሉ ድር ማፍለቂያዎች ይታያሉ። ስምንቱ ዓይኖች በፊተኛው ክፍል አናት ላይ በአንዲት ትንሽ ጉብታ ተሰብስበዋል። ይህን ሁሉ የጠበቀ አሻንጉሊት ውበቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም ልጁ ሲያቅፋት የሚያውቃት ሸረሪት እውነተኛዋ ትሆናለች።

ለባለ ቀይ ጉልበቷ ጥቁር ፀጉራም ጨርቅና ጥቂት ብርቱካናማ ፌልት ይበቃል። ቅዱ በወረቀት ይነደፋል፤ ከእውነተኛዋ ሁለት እጥፍ ቢሆን ለልጅ እቅፍ ይመቻል። ፀጉራም ጨርቅ አቅጣጫ አለው፤ በእጅ ሲዳስሱት የሚተኛበት ወገን ከራስ ወደ ሆድ ጫፍ እንዲሄድ ቅዱ ይቀመጣል። የሚቆረጠው ከጀርባው ነው፣ በመቀሱ ጫፍ ብቻ፤ እንዲህ ሲሆን ሸማው ይቆረጣል፣ ፀጉሩ ግን ሳይታጨድ ይቀራል። ሁለቱ ቁራጮች ፊት ለፊታቸው ተገጥመው፣ ከጠርዙ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ተብሎ ይሰፋሉ፤ ፀጉሩ በስፌቱ እንዳይያዝ በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እየተገፋ። አንድ ክፍተት ይተዋል፤ በዚያ ክፍተት ጨርቁ ይገለበጣል።

የሚያስቸግረው እግሩ ነው። ቀጭን ቱቦ መገልበጥ ትዕግሥት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከሁለት ጣት ያልጠበበ ማድረግና በእርሳስ ድፍን ጫፍ ቀስ እያሉ መግፋት ይሻላል። ጥጡ በትንንሹ ከእግሩ ጫፍ ጀምሮ ይጠቀጠቃል፤ በአንድ ጊዜ በጭብጥ ከከተቱት ይጓጉላል። ጉልበቱ ላይ ሲደረስ ጥጡ ይቆምና በአግድም አንድ መስመር ይሰፋል፤ ከዚያ በላይ እንደገና ይሞላል። ያ መስመር መታጠፊያ ይሆናል። ብርቱካናማው ፌልት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይለበጣል። እግሩን ለማቆም ሽቦ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ለልጅ በሚሰጥ ነገር ውስጥ ሽቦ አይገባም፣ ጨርቁን በስቶ ይወጣልና። በደንብ የተጠቀጠቀ እግር ራሱን ይችላል። መጨረሻ ላይ ክፍተቱ ክሩ በማይታይ ስፌት በእጅ ይዘጋል፤ እግሮቹ በድርብ ክር ይተከላሉ፣ ሕፃን የሚጎትተው መጀመሪያ እግሩን ነውና።

ዓይኖቹ ስምንት ጥቃቅን የክር ቋጠሮዎች ይሁኑ። ቁልፍና ዶቃ ያምራሉ፣ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ተነቅለው ጉሮሮ የሚዘጉ ናቸው። ክራንቻዎቹም ከፌልት ይጠለፋሉ። ዓመት ላልሞላው ጨቅላ ደግሞ የትኛውም የጨርቅ አሻንጉሊት በሚተኛበት አልጋ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። ስጦታው ይድረሰው፣ መደርደሪያ ላይ ሆኖ እስኪያድግ ይጠብቀው።

አንድ ጭማሪ ልምከር፤ ከሦስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም። ለሸረሪቷ ከስስ ቡናማ ጨርቅ ሁለተኛ ልብስ ይሰፋላት፤ ጥጥ የሌለው፣ እግሮቹም ሰፋ ሰፋ ያሉ። የፊተኛው ክፍል ሽፋን ዙሪያውን ሦስት አራተኛ ያህል ተከፍቶ በቬልክሮ ይዘጋ። ልጁ ሸረሪቷን በጀርባዋ ያስተኛታል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ እግሮቿን አንድ በአንድ ይመዛል። ባዶው ልብስ በአንድ ወገን፣ ሙሉዋ ሸረሪት በሌላው ወገን ይቀራሉ። በመስታወቱ ውስጥ ሕያዋ ሸረሪት ተንጋልላ ስትታይ ይህ ልጅ “ሞተች!” ብሎ አይጮኽም፤ ጣቱንም አያስገባም።

የጨርቅ ሸረሪት ከጨዋታ ያለፈ ሥራ የሠራችበት ጊዜም አለ። ሸረሪትን እስከ ሕመም ድረስ የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ሕክምናው ወደሚፈሩት ነገር ደረጃ በደረጃ መቅረብ ነው። በሲያትል ያሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለብዙ ዓመታት በዚህ ፍርሃት የኖረች አንዲት ሴት በኮምፒውተር የተሠራ ሸረሪት ዓይኗን በሚሸፍን መነጽር ውስጥ እያየች፣ እጇን ስትዘረጋ ፀጉራም የአሻንጉሊት ሸረሪት እንድትነካ አደረጉ። በዓይን የምታየውን በእጇም ስትዳስሰው ልምምዱ እውነት ሆነላት። አሥራ ሁለት የአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜዎች ወስደዋል፤ በኋላ ሕያው ታራንቱላ ክንዷ ላይ እንዲሄድ መፍቀድ ቻለች። ይህ በባለሙያ እጅ የሆነ ነው። ሸረሪት የሚፈራን ሰው ያስቃል ብሎ የጨርቅ ሸረሪት በድንገት ጭኑ ላይ መጣል ግን ክፋት ነው፤ ፍርሃቱንም ያጠነክረዋል። እንዲህ ላለ ወዳጅ ስጦታው አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ፈቃዱም ይጠየቃል።

ሕያዋን ታራንቱላ ለማንም በስጦታ አትስጡ። የሃያ ዓመት ኃላፊነት በሪባን ታስሮ አይሰጥም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሊስማማበት ይገባል፣ ልጁ ለትምህርት ወይም ለትዳር ከቤት ሲወጣ ማን እንደሚረከባትም ከወዲሁ መታወቅ አለበት። በስጦታ የምትሄደው የጨርቋ ናት። ልጁ እግሮቿን ቆጥሮ፣ ልብሷን ደጋግሞ አውልቆ፣ ከዓመት በኋላም ስለ ሕያዋ መጠየቁን ካልተወ ስለ መስታወቱ ሣጥን መነጋገር ይቻላል። ያን ጊዜ ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ከየት እንደመጣች ነው። ባለ ቀይ ጉልበቷ ለንግድ ሲባል ከዱር እየተለቀመች ስለተመናመነች፣ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዷ በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን በሚመለከተው ሳይተስ በሚባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ከአንድ የእንቁላል ከረጢት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች ይፈለፈላሉ፤ አርቢዎችም ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳሉ ይሸጧቸዋል። ከእነዚህ አንዷን መግዛት ርካሽ ነው፤ የሜክሲኮ ጉድጓድ አይራቆትም፤ ልጁም ከምስር ፍሬ የማትበልጠዋን ሸረሪት ቆዳዋን እየለወጠች መዳፍ እስክታክል ያያታል።